ግብር የተከፈለበት ቡጢ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አሜሪካ ከምትኖር አንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ከሁለት ዓመት ወዲህ «ኤምኤምኤ» የሚባለውን ቅይጥ ማርሻል አርት ሲለማመድ ቆይቷል። እስካሁን ሰውነቱን ማጠንከሪያ ነው ብላ ዝም ብላው ነበር። አሁን ግን ሕዝብ ትኬት እየቆረጠ በሚገባበት አዳራሽ ሊጋጠም መሆኑን ነገራት። «ተው ልጄ» ብትለው የሰጣት መልስ አፏን አስያዛት። «እማ፣ መንግሥት እኮ ፈቃድ የሚሰጥበት፣ ግብር የሚሰበስብበት ነገር ነው። መጥፎ ቢሆን ይፈቅደው ነበር?» አላት።

እህታችን በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ አጭር ነው። «መንግሥት ፈቅዶ ግብር የሚቀበልበት ከሆነ ልጄን ይጠብቅልኛል ማለት ነው?» ትላለች።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ያሉ ወጣቶች እነዚህን ፍልሚያዎች በስልካቸው ላይ ሌሊት ተነሥተው የሚያዩ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ፈቃዱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ግብሩ ለማን እንደሚገባና ምን እንደሚገዛ አብረን እንመልከት።

ፈቃዱ እንዴት መጣ?

ቅይጥ ማርሻል አርት ቦክስን፣ ትግልን፣ ጁዶንና የእግር ምትን አንድ ላይ ያደባለቀ ፍልሚያ ነው። ሁለት ሰዎች በአጥር በተከበበ መድረክ ውስጥ ገብተው በቡጢ፣ በእግር፣ በጉልበትና በክርን ይመታታሉ፤ መሬት ወድቀውም ይታገላሉ። ፍልሚያው የሚያበቃው አንዱ እጁን ሲሰጥ፣ ራሱን ሲስት፣ ዳኛው ወይም ሐኪሙ ሲያስቆም፣ አለዚያም ዙሩ አልቆ በነጥብ ሲፈረድ ነው።

ዛሬ «ዩኤፍሲ» በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው እ.ኤ.አ ኅዳር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ የክብደት ምድብ የሚባል ነገር አልነበረም። ደንቡም ከመንከስና ዓይን ከመጓጎል ከመከልከል ብዙም አያልፍም ነበር። ነገሩ ያስደነገጣቸው ሴናተር ጆን ማኬይን እ.ኤ.አ በ1996 ለየግዛቱ ገዥዎች ደብዳቤ ጽፈው እንዲከለክሉት ጠየቁ። ፍልሚያውን ያመሳሰሉትም ከአውራ ዶሮ ማዋጋት ጋር ነበር። ብዙ ግዛቶች በራቸውን ዘጉበት። ኒውዮርክም እ.ኤ.አ በ1997 በሙያ ደረጃ የሚካሄደውን ፍልሚያ በሕግ ከለከለች።

ታዲያ እንዴት ተመለሰ ብትሉ፣ አዘጋጆቹ መንግሥትን «ተወን» ማለታቸውን ትተው «ተቆጣጠረን» ብለው ስለቀረቡ ነው። የኒውጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ በ2000 ፈቀደች፤ በ2001 ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት የጋራ ደንብ እዚያ ወጣ። የክብደት ምድብ፣ የእጅ ጓንትና የዙር ገደብ ግዴታ ሆነ። በጭንቅላት መግጨት፣ ማጅራትንና አከርካሪን መምታት፣ የወደቀን ሰው ጭንቅላት በእግር መርገጥና ሌሎችም ብዙ ድርጊቶች ተከለከሉ። በዚያው ዓመት የኔቫዳ ግዛትም ተከተለች። የላስ ቬጋስ ከተማ የምትገኘው በዚህች ግዛት ስለሆነ ትልቁ ገንዘብ ወደዚያው ጎረፈ።

ሥራውን የሚመራው የየግዛቱ የስፖርት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ለተፋላሚው፣ ለአሠልጣኙ፣ ለዳኛውና ለአዘጋጁ ፈቃድ ይሰጣል። የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ ሐኪም ከመድረኩ ሥር ያስቀምጣል፤ ክብደት ሲለካ ይታዘባል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተሸነፈ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጋጠም ያግዳል። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ይህ ነው። «ነገሩ ጥሩ ነው» የሚል ምስክርነት አይደለም፤ «ነገሩ አደገኛ ስለሆነ ያለ ተቆጣጣሪ አይካሄድም» ማለት ነው።

ገንዘቡስ?

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። የኔቫዳ ሕግ ከትኬት ሽያጭ መቶ እጅ 8 ይወስዳል። የመቶ ዶላር ትኬት ከተሸጠ 8ቱ ዶላር የግዛቷ ነው። ከቴሌቪዥን ስርጭት ሽያጭም ድርሻ አላት።

ልጆቻችን በደንብ የሚያውቁትን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ ጥቅምት 6 ቀን 2018 የዳጌስታኑ ተወላጅ ወንድማችን ኻቢብ ኑርማጎሜዶቭና አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሪገር በላስ ቬጋስ ተጋጠሙ። አዳራሹ ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ነበር። የትኬቱ ሽያጭ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በመቶ እጅ 8 ስናሰላው፣ ግዛቷ ከትኬት ብቻ በአንድ ሌሊት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አገኘች ማለት ነው።

ከፍልሚያው በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኻቢብ ካሸነፈ በኋላ አጥሩን ዘሎ ወጥቶ ከተጋጣሚው ቡድን ጋር ተደባደበ፤ ረብሻ ሆነ። ኮሚሽኑም ክፍያውን ይዞ አቆየበት። እ.ኤ.አ በጥር 2019 ኻቢብን 500,000 ዶላር ቀጥቶ ለዘጠኝ ወር አገደው፤ ማክግሪገርን ደግሞ 50,000 ዶላር ቀጥቶ ለስድስት ወር አገደው። እዚህ ላይ የምናየው መቆጣጠር ማለት እውነተኛ ሥልጣን መሆኑን ነው። ኮሚሽኑ ሲፈልግ ከዓለም ታዋቂ ሰው ላይ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይቆርጣል።

ኒውዮርክም ብዙ አልቆየችም። ለዓመታት ከተከራከሩበት በኋላ የግዛቷ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በመጋቢት 2016 ፍልሚያውን የሚፈቅደውን ሕግ አጸደቀ፤ ገዥው አንድሩ ኩኦሞም በሚያዝያ ፈረሙበት። የግብሩ መጠን በሕጉ ተጻፈ። ከትኬት ሽያጭ መቶ እጅ 8.5፣ ከስርጭት ደግሞ ከ50,000 ዶላር ሳይበልጥ መቶ እጅ 3 እንዲከፈል ተወሰነ። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተካሄደው ውድድር የተሸጠው ትኬት 17.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ለግዛቷ የሚደርሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይጠጋል።

ውድ አድማጮቼ፣ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ውድድሩ በተካሄደ ቁጥር ገንዘብ ያገኛል፤ ውድድሩ ከቀረ ግን ይቀርበታል። ዳኛ ከተከራካሪዎቹ ከአንዱ ጋር ማዕድ የሚቆርስ ከሆነ ፍርዱን በጥንቃቄ ማየት ግድ ይላል። ግብር መቀበሉ በራሱ ነውር ነው አልልም። ገንዘብ ከሌለ ሐኪም አይቀጠርም፤ ተቆጣጣሪም አይላክም። ነገር ግን ከሰው ጭንቅላት በሚገኝ ገቢ ላይ ድርሻ ያለው አካል ያንን ጭንቅላት የመጠበቅ ዕዳ አለበት።

የአንድ ሌሊት ታሪክ

ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የቦክስ ነው፤ ተቆጣጣሪው ግን ዛሬ በኒውዮርክ ቅይጥ ማርሻል አርትን የሚቆጣጠረው ያው የግዛቱ ኮሚሽን ነው።

ማጎመድ አብዱሰላሞቭ ይባላል፤ እሱም ከዳጌስታን የመጣ ነው። አሥራ ስምንት ጊዜ ተጋጥሞ አሥራ ስምንቱንም በበቃኝ ያሸነፈ ቦክሰኛ ነበር። የሴት ልጆች አባት ነው። እ.ኤ.አ ኅዳር 2 ቀን 2013 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አሥር ዙር ሙሉ ተጋጠመ። ፊቱ ተሰብሮ፣ እጁ ተጎድቶ ተሸነፈ። ፍልሚያው ፈቃድ ነበረው። የኮሚሽኑ ሐኪሞች እዚያው ነበሩ፤ አዩት፤ ቁስሉንም ሰፉለት። ይሁንና በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል አልተወሰደም። ራሱን እያመመው ከቤተሰቡና ከቡድኑ ጋር መንገድ ላይ ወጥቶ ታክሲ ተፈልጎለት ሄደ። ሆስፒታል ሲደርስ አንጎሉ ላይ ደም ረግቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለሳምንታት ራሱን አላወቀም። ከዚያ በኋላ መራመድ የማይችል፣ ንግግሩም የተጎዳ ሰው ሆኖ ቀረ።

የግዛቱ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው ሪፖርት የኮሚሽኑን የአሠራር ጉድለት ዘረዘረ። በ2017 የኒውዮርክ ግዛት ለቤተሰቡ 22 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በዚያን ጊዜ ሕጉ ለአንድ ቦክሰኛ የሚጠይቀው የሕክምና ኢንሹራንስ 10,000 ዶላር ብቻ ነበር። ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ይህ ገንዘብ የስንት ሰዓት ወጪ እንደሚሸፍን አሜሪካ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

ትምህርቱ ከዚህ ሰው ሕይወት ላይ ተወሰደ። ቅይጥ ማርሻል አርትን የፈቀደው የ2016ቱ ሕግ የሕክምና ኢንሹራንሱን ወደ 50,000 ዶላር ከፍ አደረገው። ለሕይወት የሚያሰጋ የአንጎል ጉዳት ደግሞ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ግዴታ ሆነ። ትናንሽ የውድድር አዘጋጆች «ይህን ከፍለን መሥራት አንችልም» ብለው ጮኹ። እውነት አላቸው፤ ኢንሹራንሱ ውድ ነው። ነገር ግን ተጋጣሚውን ማሳከም የማይችል ውድድር መጀመሪያውኑ ለምን ይካሄዳል? ወጪው ባዘጋጁ ላይ ካልወደቀ በሚስቱና በልጆቹ ላይ መውደቁ አይቀርም።

መከልከል ይሻላል?

«እንዲህ ከሆነ ጨርሶ ይከልከል» የሚል አድማጭ ይኖራል። ስሜቱን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ወረቀት ላይ የሰፈረ ክልከላም ሰው አያድንም። ኒውዮርክ ከልክላ በነበረችባቸው ዓመታት ሕጉ የሚነካው የሙያ ውድድሮችን ስለነበር፣ በጀማሪ ወይም በአማተር ስም የሚካሄዱ ፍልሚያዎች ከግዛቱ ተቆጣጣሪ ዓይን ውጪ በየአዳራሹ ይካሄዱ ነበር። የሚከለክላቸውም የሚጠብቃቸውም አልነበረም።

በአየርላንድ የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 በደብሊን ከተማ አንድ የ28 ዓመት ፖርቱጋላዊ ተጋጥሞ ጭንቅላቱን ተመታ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በዚያን ጊዜ በአየርላንድ ፍልሚያው አልተከለከለም፤ ነገር ግን መንግሥት እንደ ስፖርት ስላላወቀው በሕግ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ አልነበረውም። አዳራሹ ይሞላ ነበር፤ ኃላፊነቱ ግን የማንም አልነበረም።

ፈረንሳይ ለረጅም ጊዜ ውድድሮቹን ከልክላ ቆይታ እ.ኤ.አ በ2020 በአገሪቱ የቦክስ ፌዴሬሽን ሥር እንዲተዳደሩ ፈቀደች። ትልቁ ድርጅት በፓሪስ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በመስከረም 2022 ነው። በባሕረ ሰላጤው በኩል ደግሞ አቡ ዳቢን ብንመለከት፣ መንግሥቱ ራሱ ውድድሮቹን የሚጋብዝና ለቱሪዝሙ የሚጠቀምባቸው ሆኗል። ያም ይህም ሲታይ ክርክሩ «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚለው ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የሚፈቅደው አካል ከተፈቀደው ጋር የሚመጣውን ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ይሸከማል ወይ የሚለው ነው ዋናው።

የተፋላሚው ድርሻ

ስለ ገንዘብ ስናወራ መንግሥትና አዘጋጁ የሚያገኙትን ተናገርን። የሚመታውስ? በዚህ ጉዳይ የታላቁን ወንድማችንን የሙሐመድ ዓሊን ስም የያዘ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ በ2000 በአሜሪካ የወጣው ይህ ሕግ የቦክስ አዘጋጅ ከውድድሩ ምን ያህል እንዳገኘ ለቦክሰኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የቦክሰኛው ወኪልና አዘጋጁ በጥቅም እንዳይተሳሰሩም ይከለክላል። ይህ ሕግ ግን የሚሠራው ለቦክስ ብቻ ነው። ወደ ቅይጥ ማርሻል አርት እንዲሰፋ ለምክር ቤቱ የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በሌላ በኩል የቀድሞ ተፋላሚዎች «ገበያውን ብቻውን ይዞ ክፍያችንን አሳነሰብን» ብለው ዩኤፍሲን ከሰው ነበር። ለዓመታት ከተካሄደ ክርክር በኋላ ድርጅቱ 375 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የተደረሰበትን ስምምነት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ በ2025 አጽድቆታል።

ጥሩ ምሳሌም አለ። ካሊፎርኒያ ለቦክሰኞች የጡረታ ገንዘብ ካቋቋመች ቆይታለች። እ.ኤ.አ በ2023 ደግሞ ለቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚዎችም ተመሳሳይ የጡረታ ገንዘብ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች። ከውድድሮቹ የተገኘ ገንዘብ ኋላ ሰውነቱ ለደከመው ሰው ሲመለስ ሥርዓቱ ዕዳውን መክፈል ጀመረ ይባላል።

ለእህታችን

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። ልጅሽ «መጥፎ ቢሆን መንግሥት ይፈቅደው ነበር?» ላለሽ መልሱ ቀላል ነው። ቢራና አረቄም ፈቃድ አላቸው፤ ሲጋራም ግብር ይከፈልበታል። እዚህ አገራችንም፣ አንቺ ባለሽበትም እንዲሁ ነው። ግብር አንድን ነገር ጥሩ አያደርገውም። የመንግሥት ፈቃድ የአዳራሹን በር ይከፍታል እንጂ የቤታችንን መመዘኛ አይለውጥም።

የእኛ መመዘኛ ደግሞ ይታወቃል። ዲናችን ጥንካሬን አይጠላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩካናን ታግለው እንደጣሉት ተዘግቧል፤ ትግል፣ ሩጫና ቀስት ውርወራ ቦታ አላቸው። ፊትን መምታት ግን ነቢዩ የከለከሉት መሆኑን በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ሐዲሶች ያስረዳሉ። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤም እ.ኤ.አ በ1987 ባደረገው አሥረኛ ስብሰባ ቦክስንና አንዱ ሌላውን እንዲጎዳ የሚፈቀድበትን ነፃ ትግል ሐራም መሆናቸውን ወስኗል። ትግሉንና ልምምዱን ከዚህ እንዴት መለየት እንደሚቻል በአካባቢሽ ያሉ ዑለሞችን ከልጅሽ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። አብራችሁ ሂዱ፤ ብቻሽን ሰምተሽ ብትነግሪው የእናት ፍርሃት ብቻ ይመስለዋል።

ልጅሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በሕግ ራሱ ይፈርማል። ስለዚህ ከቁጣ ይልቅ ጥያቄ ይጠቅምሻል። ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን አብረሽው ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ አራት ነገሮችንም እንዲያጣራ ጠይቂው።

አንደኛ፣ ፈቃዱን የሰጠው ማነው? የግዛቱ ኮሚሽን ነው ወይስ የግል ማኅበር? በተለይ የአማተር ፍልሚያ ቁጥጥሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። «መንግሥት ፈቅዶታል» የሚለው ነገር ራሱ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሐኪምና አምቡላንስ አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ? ጉዳት ቢደርስ የሚወሰድበት ሆስፒታል የትኛው ነው? የአብዱሰላሞቭን ታክሲ አስታውሺው።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንሱ ስንት ነው? የጭንቅላት ጉዳትን ይሸፍናል? ከኪስ የሚከፈለውስ በማን ላይ ነው?

አራተኛ፣ ቢመታና ሐኪም «ለዚህን ያህል ጊዜ አትጋጠም» ቢለው እገዳው ይመዘገባል? ወይስ በሚቀጥለው ወር ሌላ ከተማ ሄዶ መጋጠም ይችላል?

እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ መልስ ያጣ ልጅ የፈቃዱ ማኅተም ምን ያህል እንደሚጠብቀው ራሱ ያውቀዋል። መልስ ቢያገኝም እንኳ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ከሁሉ የተሻለው ደንብ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ማጎመድ በተጋጠመባት ሌሊት ፈቃዱም ሐኪሙም ዳኛውም ነበሩ። የጎደለው «ይህን ሰው ዛሬ ማታ ሆስፒታል ሳናደርሰው አንተኛም» የሚል ሰው ነበር። መንግሥት ግብሩን ሲቀበል ያን ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊያኖር ይገባዋል። በቤት ውስጥ ግን ያ ሰው እናት ናት፤ አባትም ነው። ግብር አይከፈላቸውም፤ ግን አይተኙም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ጉልበታቸውን ለኸይር የሚያውሉ ያድርጋቸው። የተጎዱትን ይፈውስ፤ ቤተሰቦቻቸውንም ያጽናና። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ እስክንገናኝ ድረስ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።